ከጣውላ የሚነሱ ፎቆች፦ ‘ሲኤልቲ’ ምንድን ነው? በምሥራቅ አፍሪካስ ያዋጣል?

በዛንዚባር ጥንታዊቷ ስቶን ታውን እና በኬንያዋ ላሙ ደሴት የሚገኙት የቀድሞ የስዋሂሊ ቤቶች ክፍሎች ረዣዥም ሆነው ጠባቦች ናቸው። ይህ የሆነው በነዋሪዎቹ ምርጫ ብቻ አይደለም። ጣሪያውን የሚሸከመው ‘ቦሪቲ’ የተሰኘው የማንግሮቭ አጣና ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማይዘልቅ፣ የክፍሉን ወርድ የሚወስነው ዛፉ ነበር።

በዚያችው ዛንዚባር እአአ በ2022 ሌላ ዓይነት የእንጨት ሕንጻ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ‘ቡርጅ ዛንዚባር’ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ንድፍ በፉምባ ታውን የሚቆም፣ 28 ፎቅ ያለው፣ 96 ሜትር የሚረዝም፣ እንጨትን ከአርማታ ጋር የሚያጣምር ማማ ነው።

በአንድ አጣና ርዝመት ከተገደበ ክፍል ተነስቶ ስለ 28 ፎቅ ማሰብ የተቻለው ዛፉ ስለተለወጠ አይደለም። የተለወጠው የጣውላው አያያዝ ነው። ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት የግንባታ ቁሶች አንዱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ‘ሲኤልቲ’ የሚባለው፣ ጣውላን በጣውላ ላይ አቋርጦ በማጣበቅ የሚሠራው ፓነል ነው።

የከተሞቻቸው ሕዝብ በፍጥነት እየጨመረ ባለባቸው፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የቤት ሠሪውን አቅም በሚፈትንባቸው፣ የተፈጥሮ ደናቸውም በተመናመነባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ይህ ቁስ ተስፋም ጥያቄም ይዞ መጥቷል። ለመሆኑ እንዴት ይሠራል? ሕንጻስ እንዴት ይነደፍበታል? እሳትን፣ ዝናብን እና ምስጥን እንዴት ይቋቋማል? ጣውላውስ ከየት ይመጣል?

ሲኤልቲ ምንድን ነው?

ሲኤልቲ በምድጃ የደረቁ ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በላያቸው ሌላ ረድፍ ጣውላ በ90 ዲግሪ ተሻግሮ ተነጥፎ፣ በሙጫ ተጣብቆና በከፍተኛ ኃይል ተጨምቆ የሚገኝ ወፍራም ፓነል ነው። ንብብሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ናቸው። ቁጥራቸው ጎዶሎ የሚሆነው የላይኛውና የታችኛው ንብብር ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ነው።

የመሻገሩን ጥቅም ለመረዳት የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ያሻል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ጠንካራ፣ በጎኑ ግን ደካማ ነው። እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚኮማተረውም በዋነኛነት በጎኑ በኩል ነው። ንብብሮቹ ሲሻገሩ የአንዱን መኮማተር የሌላው ቃጫ ይገታዋል። በዚህም ምክንያት ፓነሉ በርዝመቱም ሆነ በወርዱ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ጭነትንም በሁለቱም አቅጣጫ ይሸከማል።

ጣውላዎቹ ከመጣበቃቸው በፊት የእርጥበት መጠናቸው ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ ይደረጋል። ቋጠሮና ስንጥቅ የበዛበት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ጫፍ ለጫፍ በጥርስ መሰል ቅርጽ ተጋጥሞ ይቀጠላል። እያንዳንዱ ጣውላ እንደ ጥንካሬው ደረጃ ይሰጠዋል። በአውሮፓ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራበት ደረጃ ‘ሲ24’ የሚባለው ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣው ፓነል እስከ 16 ሜትር ሊረዝም፣ ወደ ሦስት ሜትር ሊሰፋ ይችላል። የበርና የመስኮት ክፍተቶች፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መተላለፊያዎች በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን እዚያው ተቆርጠው ያልቃሉ። በግንባታው ስፍራ የሚቀረው ፓነሉን በክሬን አንስቶ በቦታው ማቆምና ማሰር ነው።

ከኦስትሪያ ተራሮች እስከ ሚልዋኪ

ቁሱ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በ1990ዎቹ በኦስትሪያ፣ በጀርመን እና በስዊዘርላንድ በተደረጉ ሥራዎች ነው። በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጌርሃርድ ሺክሆፈር ለስሌት መሠረቱ ባበረከቱት ድርሻ እአአ በ2019 በደን ዘርፍ ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠውን የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማት ተቀብለዋል።

የመነሻው ሐሳብ ኢኮኖሚያዊም ነበር። ከግንዱ ዳር የሚወጣውና በርካሽ የሚሸጠው ጣውላ ተጣብቆ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ምርት ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ዓለም አቀፍ ትኩረት የሳበው እአአ በ2009 በለንደን መሬይ ግሮቭ ጎዳና ላይ የተጠናቀቀው ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ነው። 29 አፓርታማዎች ያሉት ይህ ሕንጻ ምድር ቤቱ አርማታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት ስምንት ፎቆች ግድግዳቸው፣ ወለላቸው እና የአሳንሰር መተላለፊያቸው ጭምር ሲኤልቲ ነው። የእንጨቱን አካል ያቆሙት አራት አናጺዎች ሲሆኑ የወሰደባቸውም 27 የሥራ ቀናት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከፍታው ጨመረ። እአአ በ2017 በካናዳ ቫንኩቨር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ 53 ሜትር የሚረዝም ባለ 18 ፎቅ የተማሪዎች መኖሪያ ተጠናቀቀ። የእንጨት አካሉ የቆመው ከ70 ቀናት ባነሰ ጊዜ ነው። በ2019 በኖርዌይ ብሩሙንዳል ከተማ 85.4 ሜትር የሚረዝመው ምዮስቶርኔት፣ በ2022 ደግሞ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ 86.6 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 25 ፎቁ አሴንት ተከተሉ።

እነዚህ ረጃጅም ሕንጻዎች ግን ሁሉም ከሲኤልቲ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። የቫንኩቨሩ ሕንጻ ሁለት የአርማታ ማማዎች በውስጡ አሉት። በኖርዌዩ ሕንጻ ዋናውን ጭነት የሚሸከሙት ከተጣበቀ ጣውላ የተሠሩ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ሲሆኑ፣ የላይኞቹ ፎቆች ወለል ከአርማታ ነው። የዚህ ምክንያቱ የእንጨት ሕንጻ ቀላል በመሆኑ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ከላይ ክብደት ማስፈለጉ ነው።

ንድፉ ከየት ይጀምራል?

በአርማታ ሕንጻ አንድ አርክቴክት የመስኮት ቦታ ለመቀየር ካሰበ ግንባታው ከተጀመረ በኋላም ዕድል ሊኖረው ይችላል። በሲኤልቲ ግን ይህ ዕድል ጠባብ ነው። ፓነሉ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱ ቀዳዳ ቦታና ስፋት መታወቅ አለበት። ስለዚህ አርክቴክቱ፣ የመዋቅር መሐንዲሱ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቀመጣሉ።

ቀጣዩ ውሳኔ የልኬት ነው። የስዋሂሊን ክፍል ወርድ አጣናው እንደወሰነው ሁሉ፣ የሲኤልቲን ሕንጻ ልኬት የሚወስኑት የፋብሪካው መጭመቂያ፣ የከባድ መኪናው ተሳቢ እና መንገዱ ናቸው። 16 ሜትር የሆነ ፓነል በጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ማለፍ ካልቻለ በወረቀት ላይ ያለው ጥቅሙ ከንቱ ነው። በኮንቴይነር የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ከ12 ሜትር ማጠር፣ ከኮንቴይነሩ ውስጣዊ ስፋትም መጥበብ ይኖርበታል።

የወለሉ ውፍረት የሚወሰነው በአብዛኛው ‘ይሰበራል ወይ?’ በሚለው ጥያቄ አይደለም። ወለሉ ከመሰበሩ ብዙ ቀደም ብሎ ይለመጣል፤ ሰው ሲራመድበትም ይነዝራል። በአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ደንብ መሠረት የመኖሪያ ቤት ወለል ተፈጥሯዊ ንዝረት በሰከንድ ከስምንት ጊዜ በታች ከሆነ የተለየ ጥናት ያስፈልገዋል። ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ለሚደርስ ርቀት ከ160 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ አምስት ንብብር ፓነል የተለመደ መነሻ ነው።

በስሌቱ ውስጥ አንድ ደካማ ቦታ አለ። ፓነሉ ሲጎብጥ የተሻገሩት መካከለኛ ንብብሮች ቃጫዎች እንደ ተደረደሩ እርሳሶች በላያቸው ላይ ለመንከባለል ይሞክራሉ። በዚህ አቅጣጫ እንጨት ያለው ጽናት በቃጫው አቅጣጫ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። ሲኤልቲን እንደ አንድ ወጥ ጣውላ ቆጥሮ የሚያሰላ መሐንዲስ የወለሉን መለመጥ አሳንሶ ይገምታል።

ሌላው ነጥብ የፎቆቹ አደራረብ ነው። ግድግዳው በወለሉ ፓነል ላይ፣ ቀጣዩ ወለልም በግድግዳው ላይ እየተደረበ የሚሄድ ከሆነ የሕንጻው ሙሉ ክብደት በታችኞቹ ፎቆች ወለሎች ላይ ይጫናል። ወለሉም በጎን ቃጫው በኩል ይጨፈለቃል። በቫንኩቨሩ ሕንጻ ምሰሶ በምሰሶ ላይ በብረት መገጣጠሚያ በቀጥታ እንዲቀመጥ የተደረገው ይህን ለማስቀረት ነው።

ክብደትን በተመለከተ ልዩነቱ ግልጽ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር የአርማታ ወለል ወደ 480 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሲኤልቲ ከ100 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ቀላል ሕንጻ አነስ ያለ መሠረት ይበቃዋል። ይህ አፈሩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ትርጉም ያለው ቁጠባ ነው።

በአንጻሩ ይኸው ቀላልነት ድምፅን በማስተላለፍ ያስከፍላል። የላይኛው ጎረቤት እርምጃ ታች እንዳይሰማ በፓነሉ ላይ የሚለጠጥ ምንጣፍ፣ ከዚያም ስስ የሲሚንቶ ልስን ወይም ሌላ ከባድ ንብርብር ይደረጋል። ይህን ረስቶ የፎቁን ከፍታ የወሰነ ንድፍ በኋላ መስተካከሉ አስቸጋሪ ነው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ

ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ላይ ለሚገነባ ማንኛውም ሕንጻ የመሬት መንቀጥቀጥ የሩቅ ስጋት አይደለም። እአአ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የሚኖሩ ሰዎችንም አስደንግጧል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ከሕንጻው ክብደት ጋር አብሮ ስለሚያድግ ቀላል ሕንጻ ከመነሻው ጥቅም አለው። እአአ በ2007 የጣሊያን ተመራማሪዎች ሰባት ፎቅ ያለው የሲኤልቲ ሕንጻ በጃፓን ሚኪ ከተማ በሚገኘው ግዙፍ የሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ አቁመው፣ በ1995 ኮቤን ያወደመው መንቀጥቀጥ በተመዘገበበት መጠን ፈተኑት። ሕንጻው ሳይፈርስ ቆመ። በ2023 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ባለ አሥር ፎቅ የእንጨት ሕንጻ ተመሳሳይ ፈተና ተደርጎበታል።

ነገር ግን ኃይሉን የሚውጠው እንጨቱ አይደለም። የሲኤልቲ ፓነል ግትር ነው፤ አይተጣጠፍም። የሚተጣጠፉት ፓነሎቹን ከመሠረቱና እርስ በርሳቸው የሚያስሩት የብረት ማዕዘኖች፣ መያዣዎች እና ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። በመሆኑም የሕንጻው ደኅንነት የተንጠለጠለው በእነዚህ መገጣጠሚያዎች ብዛት፣ ዓይነት እና አገጣጠም ላይ ነው። በንድፉ ላይ የተጻፈውን ብሎን በሌላ የተካ ወይም ቁጥሩን የቀነሰ ሠራተኛ ያደረሰው ጉድለት ግድግዳው ከተሸፈነ በኋላ በዓይን አይታይም።

እሳቱስ?

ስለ እንጨት ፎቅ ሲነሳ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ‘አይቃጠልም’ አይደለም። ይቃጠላል።

ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ውጫዊው ክፍል ወደ ከሰል ይለወጣል። ከሰሉም ሙቀት እንዳይዘልቅ በማድረግ ውስጡን ይከላከላል። በአውሮፓ የስሌት ደንብ መሠረት እንደ ጥድ ያለ ለስላሳ እንጨት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ይከስላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 39 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መሐንዲሱ በሙቀት የተዳከመውን 7 ሚሊ ሜትር ጨምሮ በአጠቃላይ 46 ሚሊ ሜትር ከፓነሉ ይቀንስና የቀረው ሕንጻውን መሸከም መቻሉን ያረጋግጣል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የከሰለው ንብብር በቦታው ከቆየ ነው። ሙጫው በሙቀት ከላላ ንብብሩ ተገንጥሎ ይወድቃል። ያልተቃጠለው እንጨት ይጋለጣል፤ ሊጠፋ የነበረ እሳትም እንደገና ይቀጣጠላል። ይህ አደጋ በሙከራዎች ከታየ በኋላ የሰሜን አሜሪካ የሲኤልቲ መስፈርት እአአ በ2018 ሲሻሻል ሙቀት የሚቋቋም ሙጫ ግዴታ ሆኗል።

የሕግ ምላሹ ከአገር አገር ይለያያል። እአአ በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የግንባታ ኮድ በአሜሪካ እስከ 18 ፎቅ የእንጨት ሕንጻ ፈቅዷል። ነገር ግን እንጨቱ ሙሉ በሙሉ በጂፕሰም ቦርድ በመሰለ መከላከያ መሸፈን አለበት። በከፊል ከተጋለጠ ከፍታው ወደ 12፣ ይበልጥ ከተጋለጠ ወደ ዘጠኝ ፎቅ ይወርዳል። እሳት ማጥፊያ የውኃ መርጫም ግዴታ ነው።

እንግሊዝ በተቃራኒው አጥብቃለች። በ2017 በለንደኑ ግሬንፌል ማማ 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንጻዎች የውጭ ግድግዳ ውስጥ ተቀጣጣይ ቁስ መጠቀም በ2018 ተከልክሏል። ግሬንፌል የእንጨት ሕንጻ አልነበረም፤ እሳቱን ያዛመተውም በውጭ የተለጠፈው ፕላስቲክ ያዘለ የአሉሚኒየም ሽፋን ነበር። ያም ሆኖ ክልከላው የሲኤልቲን የውጭ ግድግዳ አካቷል።

ለምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው። የሰሜን አሜሪካው ስሌት የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች እንደሚደርስ፣ በቧንቧ ውስጥ ውኃ እንዳለ፣ የውኃ መርጫው እንደሚሠራ ይታሰብበታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚነደፍ የእንጨት ፎቅ የራሱ ማጠራቀሚያ፣ የራሱ ፓምፕ እና ለመብራት መቋረጥ የሚሆን መጠባበቂያ ከሌለው ያንን ኮድ መጥቀስ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ውኃ እና ምስጥ

በላስታ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው። ከ800 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። እንጨቱ ይህን ያህል የቆየው ከሁሉ በላይ ዋሻው ከዝናብ ስለጠበቀው ነው። ለሲኤልቲም ዋናው ሕግ ይኸው ነው፦ እንጨት ደርቆ ከቆየ ይኖራል፤ ረጥቦ ከቆየ ይበሰብሳል።

የእርጥበት መጠኑ ለረጅም ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ለሻጋታና ለብስባሽ ይጋለጣል። በዚህም ምክንያት ሲኤልቲ የሚፈቀደው ለተሸፈነ ቦታ ብቻ ነው፤ ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው በረንዳ አይሆንም። ሰፊ የጣሪያ ክንፍ፣ ከግድግዳው ጀርባ አየር የሚዘዋወርበት ሽፋን፣ ከመሬት ከፍ ያለ የአርማታ መሠረት የንድፉ አካል ናቸው።

ስውሩ አደጋ ከመታጠቢያ ቤት ነው። ከሻወር ስር የሚያፈስ ቧንቧ በአርማታ ወለል ላይ በታችኛው ጣሪያ ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል። በሲኤልቲ ላይ ግን ውኃው በንብብሮቹ መካከል ለወራት ሳይታይ ሊቀመጥ ይችላል። የመድን ድርጅቶች ከእሳት ባልተናነሰ የውኃ ጉዳት የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው። ጥንቁቅ ንድፍ መታጠቢያ ቤቶችን አንዱን ከሌላው በላይ ይደረድራል፤ ቧንቧዎቹ ሊከፈትና ሊታይ በሚችል መተላለፊያ እንዲያልፉ ያደርጋል።

አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ መመሪያዎች እምብዛም የማያነሱት ምሥራቅ አፍሪካ ግን ሊዘለው የማይችለው ጉዳይ ምስጥ ነው። የጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ምስጥ ከመሬት ተነስቶ በቀጭን የአፈር መሿለኪያ ወደ እንጨቱ ይወጣል። መከላከያውም በዚሁ መንገድ ላይ ይሠራል፦ ከመሬት ከፍ ያለና መሰንጠቂያ የሌለው የአርማታ መደብ፣ በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚነጠፍ ጥቅጥቅ ያለ የማይዝግ ብረት ወንፊት፣ በቦሮን ጨው የታከመ ጣውላ። ከሁሉ በላይ ግን መሿለኪያው ሲጀመር እንዲታይ በሕንጻው ዙሪያ ክፍት ቦታ መተውና በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል።

የካርቦኑ ሒሳብ

የሲሚንቶ ምርት በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የእንጨት ግንባታ ደጋፊዎች ቀዳሚ መከራከሪያም ይህ ነው።

ዛፍ ሲያድግ ካርቦንን ከአየር ይወስዳል፤ የደረቀ እንጨት ክብደቱ በግማሽ ያህል ካርቦን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሲኤልቲ ውስጥ 420 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ካለ፣ ወደ 770 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን እዚህ አያበቃም። ከአንድ ግንድ ወደ ጣውላ የሚለወጠው ግማሽ ያህሉ ነው፤ የተቀረው ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ሆኖ በአብዛኛው ይቃጠላል። ማድረቂያው ኃይል ይፈልጋል፤ ሙጫው የኬሚካል ውጤት ነው፤ መርከቡና መኪናው ነዳጅ ያነድዳሉ። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ፣ ወይም ለተከላው ሲባል የተፈጥሮ ደን ከተመነጠረ ደግሞ ሕንጻው ከሚያስቀረው በላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ፓነሉ ካርቦኑን ይዞ የሚቆየውም ሕንጻው እስከቆመ ወይም እንጨቱ ዳግም ጥቅም ላይ እስከዋለ ድረስ ነው።

ጣውላው ከየት ይመጣል?

የክልሉ ዋነኛ ጥያቄ ይህ ነው። በታንዛኒያ ደቡባዊ ደጋ፣ ሙፊንዲ ውስጥ የሚገኘው የሳኦ ሂል ተከላ በአገሪቱ ካሉ የመንግሥት ተከላ ደኖች ትልቁ ሲሆን በብዛት የሚበቅልበትም ፓይን ነው። ኡጋንዳ እአአ ከ2004 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረትና በኖርዌይ ድጋፍ የግል አልሚዎች የጣውላ ዛፍ እንዲተክሉ ስታበረታታ ቆይታለች። ኬንያ በበኩሏ በ2018 በመንግሥት ደኖች ላይ የዛፍ ቆረጣ እገዳ ጥላ ነበር፤ በ2023 ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ እገዳው መነሳቱን ሲያስታውቁ ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ተቃውሞ ገጥሟቸዋል።

በምድር ወገብ አካባቢ ዛፍ በፍጥነት ያድጋል። በአውሮፓ ደጋማ ስፍራዎች ለመቆረጥ ከ80 ዓመት በላይ የሚፈልገው የጥድ ዘመድ ስፕሩስ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ፓይን ግን በ20 ዓመት አካባቢ ይደርሳል። ፍጥነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ፈጥኖ ያደገ ወጣት እንጨት ሳሳ ያለ፣ ቶሎ የሚለመጥ፣ ሲደርቅም የመጠማዘዝ ዝንባሌ ያለው ነው። ስለዚህ የአውሮፓን የጥንካሬ ሰንጠረዥ ለኡጋንዳ ጣውላ በቀጥታ መጠቀም አይቻልም። የአገሩ እንጨት በአገሩ መፈተንና ደረጃ ማግኘት አለበት፤ የፓነሉም ውፍረት በዚያው ልክ መስተካከል ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ ያላት ሀብት ሌላ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ባሕር ዛፍ የጭቃ ቤት ማገርና ምሰሶ፣ የፎቅ ግንባታ መወጣጫና የአርማታ መደገፊያ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጣና የሚቆረጥ ነው፤ ለጣውላ የሚሆን ግንድ እስኪወፍር አይጠበቅም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ ጥቅጥቅ በመሆኑም ለሙጫ አስቸጋሪ ነው። ከባሕር ዛፍ ሲኤልቲ የመሥራት ጥረት በአውስትራሊያና በሌሎች አገራት ስለተደረገ ነገሩ የማይቻል አይደለም። የሚጠይቀው ግን የዛፉን ዓይነት መምረጥ፣ መመልመል፣ ማሳሳት እና መታገሥ ነው።

በዚህ ረገድ በአገራቱ የሚካሄዱት ሰፋፊ የችግኝ ተከላ ዘመቻዎች በራሳቸው የጣውላ ምንጭ አይሆኑም። ተራቁቶ የነበረን ተራራ ለማዳን የተተከለ ዛፍ እና ለወለል ፓነል የሚተከል ዛፍ የተለያየ ዝርያ፣ የተለያየ እንክብካቤ እና የተለያየ መሬት ይፈልጋሉ። መሬቱ የአርሶ አደር በሆነበት አካባቢ ደግሞ 20 ዓመት መጠበቅ የሚችለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ማን ይገነባል? ማን ይፈቅዳል?

ሲኤልቲ በአንድ ሜትር ኩብ ሲለካ ከአርማታ ይወደዳል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ልዩነቱን የሚያካክሰው የሠራተኛ ደመወዝና የጊዜ ቁጠባ ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ዝቅተኛ በሆነባቸው በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በአዲስ አበባ ይህ ቁጠባ ያነሰ ነው። ከውጭ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ፣ ቀረጥ እና የባሕር ጉዞ ይጨመሩበታል። ቁሱ ከአገሩ ጣውላ ካልተመረተ በስተቀር ለተራው ነዋሪ ቤት መፍትሔ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ፋብሪካ ለማቆም ግን ያልተቋረጠ ገበያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ካቴራ የተባለው ኩባንያ እአአ በ2019 በዋሽንግተን ግዛት ትልቅ የሲኤልቲ ፋብሪካ ከፍቶ በ2021 ለኪሳራ ተዳርጓል። ለኪሳራው ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ በቢሊዮን የሚቆጠር መዋዕለ ንዋይ ያገኘ ድርጅት ያልዘለቀበት ዘርፍ ትዕዛዝ በጥቂቱ ለሚመጣበት ገበያ ቀላል እንደማይሆን ያሳያል።

የጥራት ቁጥጥርም አለ። በ2018 በአሜሪካ ኦሪገን በመገንባት ላይ በነበረ የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ የወለል ፓነል ንብብር ተላቆ ወድቋል። ምክንያቱ በፋብሪካ የተፈጠረ የማጣበቅ ጉድለት ነበር፤ የሌሎች ፓነሎች ምርመራና ለውጥም አስከትሏል። ሙጫው ከተቀባ በኋላ መጭመቂያው ውስጥ ለመግባት ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። መብራት በድንገት የሚጠፋበት ፋብሪካ ይህን አደጋ በንድፉ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ደንብን በተመለከተ ኢትዮጵያ እአአ በ1995 ባወጣችው የሕንጻ ኮድ ውስጥ አምስተኛው ክፍል ስለ እንጨት አጠቃቀም የሚደነግግ ነው። ያ ሰነድ የወጣው ሲኤልቲ ገና ከቤተ ሙከራ እየወጣ በነበረበት ጊዜ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሙያ የማይገልጠው ገጽ፣ የመድን ድርጅት የማያውቀው ስጋት፣ ባንክ የማይቀበለው መያዣ ሆኖ የሚቀር ቁስ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሕንጻ አይሆንም።

በመሆኑም ጉዳዩን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚነሳው መንገድ ከማማ አይጀምርም። ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች እና መኖሪያዎች፣ እንዲሁም የአርማታ ምሰሶ ከእንጨት ወለል ጋር የተጣመረባቸው ሕንጻዎች ለመማሪያ ይመቻሉ። በእነዚህ ላይ ምስጡ፣ ዝናቡ፣ መገጣጠሚያው እና የጣውላው ደረጃ በትንሽ ዋጋ ይፈተናሉ፤ አናጺውም፣ መሐንዲሱም፣ ፈቃድ ሰጪውም አብረው ይለማመዳሉ።

ዛሬ የሚተከል ፓይን ለወለል ፓነል የሚደርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የክልሉ ከተሞች ሕዝብ ዛሬ ካለው በብዙ በልጦ፣ ቤት ፈላጊውም በዝቶ ይገኛል። ያ ሕዝብ የሚኖርባቸው ወለሎች ከሲሚንቶ ይሁኑ ከእንጨት የሚወሰነው በዚያን ጊዜ አይደለም። የዛፉ ዝርያ በሚመረጥበት፣ መሬቱ በሚለይበት እና ኮዱ በሚጻፍበት በአሁኑ ወቅት ነው።